ደጋፊ ደንበኛ አይደለም!

«የአሜሪካ ስታዲየም ይሻላል፤ ወንበሩ ምቹ፣ ምግቡ ብዙ፣ ስክሪኑ ሰፊ» የምትሉኝ ልጆቼ፣ የጨዋታ ቀን ምቾት ብቻ ነው እንዴ? መኪና ማቆሚያው ላይ ሥጋ እየጠበሱ መጨዋወታቸው ደስ ይላል፣ አልክድም። ውስጥ ሲገባ ግን «ጩኹ!» ብሎ የሚያዘው ስክሪኑ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ዘፈኑን የሚያነሳው ደጋፊው ራሱ ነው።

ይቺ ልዩነት ትንሽ እንዳትመስላችሁ። አብሮ መዝፈን የለመደ ሕዝብ አብሮ እምቢ ማለትም ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ2016 ሊቨርፑል የ77 ፓውንድ ትኬት ሊያመጣ ሲል፣ በሺዎች የሚቆጠር ደጋፊ ልክ በ77ኛው ደቂቃ አንፊልድን ጥሎ ወጣ፤ ያውም ቡድኑ 2 ለ 0 እየመራ! አሜሪካውያኑ ባለቤቶች በቀናት ውስጥ ይቅርታ ጠይቀው ሐሳቡን ሰረዙ። ሬይደርስን በ2020 ከኦክላንድ ነቅለው ላስ ቬጋስ ሲወስዱትስ፣ ደጋፊውን ማን ሰማው?

ደንበኛ ይስተናገዳል፤ ደጋፊ ግን ይደመጣል። ለኔ ቀዝቃዛው ወንበር ይሁንልኝ።