የዳንሮቢን አበባና የሮዛል ድንጋይ

ባለፈው የዕረፍት ወራት በሰሜን ስኮትላንድ የሚገኘውን የዳንሮቢንን ግንብ ለማየት ዕድል ገጥሞኝ ነበር። ስለ ግንቡ ብዙ አልልም፤ 189 ክፍሎች አሉት፤ ሾጣጣ ጣራዎቹም ከባሕሩ በላይ ቀጥ ብለው ይታያሉ። እኔን የማረከኝ ከሥሩ ያለው የአትክልት ስፍራ ነው። ይኸንንም የእንግሊዝን ፓርላማ የነደፈው ቻርልስ ባሪ፣ የቬርሳይን አብነት ተከትሎ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1850 ዓ.ም. አቀደው።

ይሁን እንጂ በአቅራቢያው ባለው በቤን ብራጊ ተራራ ጫፍ ላይ የመጀመሪያው የሰዘርላንድ መስፍን ሐውልት ቆሟል። ይኸ ባላባትና ሚስቱ ከ1811 ጀምሮ በሺሕ የሚቈጠሩ ጭሰኞችን ከየሸለቆው አስነቅለው መሬቱን ለበግ ርቢ አከራዩት። በ1814 በስትራትናቨር የድኾች ቤት ተቃጠለ። በዚኹ ጉዳይ የተከሰሰው የባላባቱ ሹም ፓትሪክ ሴላር በ1816 በነጻ ተለቀቀ፤ ያንኑ መሬት የተከራየውም ራሱ ነበር!

አብሮኝ የነበረው ጓደኛዬ «ታዲያ አበባው ምን አጠፋ?» አለኝ። አበባውስ ምንም አላጠፋም። ሐውልቱም ይፍረስ ከሚሉት ወገን አይደለሁም፤ ከፈረሰ ስለ ሰውየው የሚጠይቅም አይኖርም። እኔ የምቃወመው አንዱን ብቻ አይቶ መመለስን ነው። ሮዛል በምትባለው ባድማ መንደር የተነቀሉት ሰዎች ቤት መሠረት ዛሬም በሣሩ መካከል ይታያል።

ስለዚህ ግንቡን ለማየት የምትሄዱ ጓደኞቼ፣ ለሮዛልም ግማሽ ቀን አትርፉ። መንገዱ ረጅም ስለ ሆነ በማለዳ ተነሡ፤ ዝናብም አይጠፋምና ካፖርት ያዙ።