ጥቁር አንበሳ የማን ነው፦ የትምህርት ወይስ የጤና?

ከጌጃ ሰፈር ማታ ታማሚ ይዛችሁ ጥቁር አንበሳ ብትሄዱ፣ መጀመሪያ የሚያያችሁ ብዙ ጊዜ ኢንተርን ወይም ሬዚደንት ነው። ሁለቱም ገና ትምህርት ላይ ናቸው። ሌሊቱን ሙሉ ዋርዱን ይዘው የሚያድሩት ግን እነሱ ናቸው።

ታዲያ ለዚህ ሥራ ኃላፊው ማነው? መልሱ የሚወሰነው ሆስፒታሉ በማን ሥር እንደሆነ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ብቻ ሦስት ዓይነት አሠራር አለ፦

👉 ጥቁር አንበሳ፦ በ1990 ዓ.ም. አካባቢ ከጤና ሚኒስቴር ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተላለፈ።
👉 ጳውሎስ፦ በ2000 ዓ.ም. ሆስፒታሉ ውስጥ የሕክምና ትምህርት ተጀመረ፤ ተጠሪነቱ ለጤና ሚኒስቴር ነው።
👉 የካቲት 12፦ ሆስፒታሉም ኮሌጁም በከተማው ጤና ቢሮ ሥር ናቸው።

ይሄ የቢሮክራሲ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ዩኒቨርሲቲ በጀት ሲይዝ ቅድሚያ የሚታየው ተማሪና ምርምር ነው። ጤና ቢሮ የሚያየው አልጋ፣ መድኃኒትና ወረፋ ነው። ኢንተርኑ መሃል ላይ ይቀራል፦ ተረኛ ሲሆን ሠራተኛ፣ ክፍያ ሲጠይቅ ተማሪ። በግንቦት 2017 የጤና ባለሙያዎች ሥራ ሲያቆሙ ኢንተርንና ሬዚደንቶችም አብረው የነበሩት በምክንያት ነው።

አሁን ደግሞ ሌላ ነገር መጥቷል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2015 ዓ.ም. በወጣው ደንብ ራስ ገዝ ሆኗል። ራስ ገዝ ማለት የራስን ገቢ መፈለግም ነው። ጥቁር አንበሳ የሚመጣው ግን ከየክልሉ ሪፈር የተጻፈለት፣ ብዙው አቅም የሌለው ሰው ነው። ገቢው ከእሱ ኪስ ሊመጣ አይችልም። ስለዚህ የሕክምናውን ወጪ ማን ይሸፍናል የሚለው በግልጽ መጻፍ አለበት።

ትምህርትና ጤናን ማስተሳሰር ለኛ አገር አዲስ አይደለም። የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲጀመር፣ ጤና መኮንን፣ ነርስና ሳኒቴሽን ባለሙያን በቡድን ጤና ጣቢያ እየላከ ነበር የሚያሠለጥነው። ተማሪው የሚማረው ነገ በሚሠራበት ቦታ ነበር።

ዛሬም የሚያስፈልገው ተመሳሳይ ነው፦ የተረኛ ክፍያ ከማን በጀት እንደሚወጣ፣ ኢንተርኑን ማታ የሚቆጣጠረው ሲኒየር ማን እንደሆነ፣ ስህተት ሲፈጠር ማን እንደሚጠየቅ የሚወስን ውል። ያ ካልሆነ ሸክሙ ያው ሌሊት ቆሞ በሚያድረው ልጅና አልጋ በሚጠብቀው ታማሚ ላይ ነው የሚወድቀው።

ኢንተርን የሆናችሁ ወይም ቤተሰብ አስታማችሁ የምታውቁ፣ እናንተስ ምን ትላላችሁ? ኮመንት ላይ ጻፉልን።