«ኮከባቸው አልገጠመም» ለሚሉን

«ሐበሻ ፍቅር መተወን አይችልም» የሚል ፍርድ በየዶርሙና በየካፌው እየተሰጠ ነው። ይግባኝ የለውም። ከሳሹም፣ ምስክሩም፣ ዳኛውም ያው አንድ ሰው ነው፤ ማስረጃው ደግሞ ትናንት ማታ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ በስልኩ ያየው ግማሽ ፊልም ነው። «ኬሚስትሪ የላቸውም!» ይላል። እንጅባራ ላይ ሲባል ነገሩ ይብሳል፤ «የእኛ ብርድ እነሱ ላይ ነው እንዴ ያደረው?» ተብሎ ይሳቃል።

እኛ ይህን ፍርድ አንቀበልም። አንቀበልም ስንል ፊልሞቻችን የሞቁ ናቸው ማለታችን አይደለም። ብዙዎቹ ቀዝቃዛ ናቸው። ቴዎድሮስ ተሾመ ለአንድ ፊልሙ ያወጣውን «ቀዝቃዛ ወላፈን» የሚል ስም ለግማሾቹ የፍቅር ፊልሞቻችን ብናውሳቸው ልክ ይሆናቸዋል። ጠባችን ከብርዱ ጋር ሳይሆን ለብርዱ ከሚሰጠው ምክንያት ጋር ነው።

እስቲ ከቃሉ እንጀምር። «ኬሚስትሪ» የሚለው ቃል ከውጭ ይምጣ እንጂ ሐሳቡ ለእኛ ባዳ አይደለም። አያቶቻችን «ኮከባቸው ገጠመ» ይላሉ። ወንድና ሴት ከመጋባታቸው በፊት ስማቸው ከነእናቶቻቸው ስም ወደ ደብተራ ይሄዳል፤ ዐውደ ነገሥት ይገለጣል፤ ፊደል ይቆጠራል። ገጠመ ከተባለ ገጠመ ነው። የዛሬ ፊልም ሠሪዎቻችን ደብተራውን ይናቁት እንጂ አሠራራቸው ከእሱ አይለይም። መልከ መልካም ወንድ ይፈለጋል፤ መልከ መልካም ሴት ትፈለጋለች፤ ሁለቱም ብዙ ተከታይ ያላቸው መሆናቸው ይረጋገጣል። ከዚያ ኮከብ ከኮከብ ጋር መግጠሙ አይቀርም ተብሎ ካሜራው ይከፈታል። ሳይገጥም ሲቀር ጥፋቱ የተዋንያኑ ነው፤ እነሱ ካልሆኑም የባህላችን።

የለም! በስክሪን ላይ በሁለት ሰዎች መካከል የሚነደው እሳት በዕጣ የሚገኝ ነገር አይደለም። መጀመሪያ የሚለኮሰው ወረቀት ላይ ነው። ለዚህ ምስክር ፍለጋ ሩቅ አንሄድም፤ እዚሁ ጎጃም ውስጥ አለ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» በዛብህና ሰብለ ወንጌል የሚገናኙት በምንድን ነው? በትምህርት ነው። እሱ አስተማሪ፣ እሷ ተማሪ፤ መካከላቸው መጽሐፍ አለ። እሱ ገና በልጅነቱ ወላጆቹ ለእግዚአብሔር የተሳሉት የድሃ ልጅ ነው፤ እሷ ደግሞ አባቷ ፊታውራሪ መሸሻ ለዘራቸው የሚመጥን ባል ከምድር ያጡላት የመኳንንት ልጅ። ስለቱ አንድ አጥር፣ ዘሩ ሌላ አጥር፣ ቤቱ ሙሉ ጠባቂ ዐይን። እንግዲህ በዚህ ሁሉ መካከል ሁለት ወጣቶች አንድ ገጽ ላይ ጎንበስ ሲሉ አንባቢው ትንፋሹን ቢይዝ ምን ይገርማል?

ደግሞስ ወጋየሁ ንጋቱ ያንን መጽሐፍ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ምን ነበረው? አንድ ድምፅና አንድ ማይክራፎን። የሰብለን ፊት ያየ የለም። የሁለቱም ኮከብ የገጠመው በአንድ ሰው ጉሮሮ ውስጥ ነው! ሰው ግን ሬዲዮኑን ከብቦ አዳመጠ፤ አለቀሰም። ዛሬም ያንን ትረካ ከስልኩ የማይለይ ልጅ በየዶርሙ አለ። «ኬሚስትሪ ማለት ቁንጅና ነው» የሚለን ሰው ይህን ያስረዳን።

ከቴሌቪዥንም እንውሰድ። «ሰው ለሰው» በኢቲቪ ይታይ በነበረበት ዘመን (ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ ማለት ነው) ከተማውም ገጠሩም ስሙን አንሥቶ የማይጠግበው ማንን ነበር? አስናቀን። አበበ ባልቻ የተጫወተውን ያንን ክፉ ሰው! ከአፍቃሪዎቹ ይልቅ ክፉው በልባችን የቀረው ለምን ይመስላችኋል? አስናቀ የሚፈልገው ነገር ነበረው፤ የሚፈልገውን እንዳያገኝ የሚከለክለውም ነገር ነበረ። የእኛ ፊልም አፍቃሪ ግን ብዙውን ጊዜ ያለው ሸሚዝ ነው። ሸሚዝ፣ መኪና፣ ሶፋ። ልጅቷን በአሥረኛው ደቂቃ ያገኛታል፤ በአሥራ አምስተኛው ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ይወስዳታል፤ ከዚያ በኋላ ሁለቱም ሥራ ስለሌላቸው ሙዚቃ ይገባል።

«ባህላችን ዐይን አፋር ስለሆነ፣ መሳሳም ስለማይፈቅድ ነው» የሚሉን አሉ። ይህቺ ሰበብ ናት። በኢራን ከ1979ኙ (እ.ኤ.አ.) አብዮት ወዲህ በፊልም ላይ ሴት ጸጉሯን ትሸፈናለች፤ ተዋናይና ተዋናይት እጅ ለእጅ እንኳ አይነካኩም። በዚህ ሕግ ሥር አባስ ኪያሮስታሚ በ1994 እ.ኤ.አ. «በወይራ ዛፎች መካከል» የሚለውን ፊልም ሠራ። ነገሩ እንዲህ ነው። የመሬት መንቀጥቀጥ ባፈረሰው ገጠር ፊልም ሊቀረጽ ሰዎች ይመጣሉ። ሆሴን የሚባል ግንበኛ ልጅ የባልን ቦታ እንዲጫወት ይመረጣል፤ ሚስት ሆና የምትጫወተው ደግሞ ታሄሬ ናት። በእውነተኛው ኑሮ ግን ሆሴን እሷን ጠይቆ ቤተ ሰቦቿ ከልክለውታል፤ ምክንያቱም ቤት የለውም፣ አልተማረም። ካሜራው በቆመ ቁጥር ይለምናታል። እሷ መልስ አትሰጠውም። አንዲት ቃል እንኳ! መጨረሻ ላይ በወይራው መካከል ስትሄድ ይከተላታል፤ ካሜራው ከኮረብታ ላይ ሆኖ ያያቸዋል፤ ሩቅ፣ ሁለት ነጭ ነጥብ እስኪሆኑ ድረስ። ፊታቸው አይታይም፤ የሚሉት አይሰማም። ያየው ሁሉ ግን «ምን አለችው?» እያለ እስከ ዛሬ ይከራከራል። ይህ ኬሚስትሪ ካልሆነ ሌላ ስም አምጡለት።

የሆንግ ኮንጉ ዎንግ ካር-ዋይም አለ። በ2000 እ.ኤ.አ. ባወጣው «ኢን ዘ ሙድ ፎር ላቭ» ማጊ ቸንግና ቶኒ ሊዩንግ ሳይሳሳሙ ፊልሙ ያልቃል፤ በጠባብ ደረጃ ላይ ምግብ ይዛ ስትወርድ ስትወጣ ይተላለፋሉ፣ በቃ። ያንን ደረጃ ለመውጣት ለመውረድ ግን ቀረጻው አሥራ አምስት ወር ያህል ፈጅቷል። የእኛ ፊልም ብዙ ጊዜ በሳምንታት ተቀርጾ ያልቃል፤ ተዋንያኑ ትውውቃቸው ካሜራው ፊት ነው። ከዚያ «ለምን አልሞቁም?» ይባላል። ጤፍ እንኳ ቦክቶ ነው የሚጋገረው! የሕንዱንስ የማያውቅ ማን አለ? ራጅ ካፑርና ናርጊስ በ1955 እ.ኤ.አ. በ«ሽሪ 420» አንድ ጃንጥላ ሥር በዝናብ ቆመው የዘፈኑት ሳይሳሳሙ ነው።

በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን የቱርክን ድራማ በአማርኛ እያናገረ ሲመጣ ከፊልም ባለሙያዎቻችን ብዙዎቹ «ሥራችንን ነጠቀን» ብለው ተቃወሙ። የእንጀራ ጥያቄ ነውና እውነት ነበራቸው። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ ይባል። አካሉ የኢስታንቡል ሰው ነው፤ ድምፁ የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ከንፈሩና ቃሉ አይገናኙም፤ ቤተ ሰቡ ግን እራት አቅርቦ ያለቅሳል። አማርኛችን ለፍቅር ቀዝቃዛ ቢሆን ኖሮ ይህ ይሆን ነበር? የራሳችን ተዋንያን ድምፅ እኮ ነው ያስለቀሰን! ቱርኮቹ ያላቸው ትዕግሥት ነው። አንድ ሰው ሌላውን ሲያይ ካሜራው እስኪጨርስ ይጠብቀዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገራችን እንምጣ። እኛን ከሁሉ የሚያንገበግበን ብርዱ አይደለም። በስክሪን ላይ ማፍቀር የተፈቀደለት ማን እንደሆነ ነው። በአማርኛ ፊልም ውስጥ የቦሌ ልጅ ያፈቅራል። የገጠሩ ሰው ሲመጣስ? ጋቢና ዱላ ይዞ ይመጣል፤ «ጎጃሜ» እንዲመስል አነጋገሩ ይጣመማል፤ ሊፍት ውስጥ ይደናገጣል፤ ይሳቅበታል፤ ይወጣል። ፊቱን ካሜራው ቀርቦ የሚያየው ሲደናገጥ ብቻ ነው። አፍቅሮ ዝም ሲል ያየው የለም። አዊኛ የሚናገር አፍቃሪማ ከነጭራሹ ብርቅ ነው። ኪያሮስታሚ ለግንበኛው ሆሴን የሰጠውን ክብር የእኛ ሰዎች ለዳንግላ ገበሬ ምነው ነፈጉት? ከሁሉ የሚያሳዝነው ደግሞ በዚህ ቀልድ ከመካከላችን ከት ብለው የሚስቁ መኖራቸው ነው፤ አባታቸው ጋቢ ለብሶ ነው ግቢው በር ድረስ የሸኛቸው።

ገጠሬው ፍቅር አያውቅም የሚል ካለ ጥር 23 እንጅባራ ይምጣ። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ከተመሠረተ ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ብዙ የጥር ጊዮርጊስ አልፏል፤ በዓሉ የዐድዋ ፈረሰኞች መታሰቢያ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ግን ፈረሱን አስጊጦ የሚጋልበው ጎረምሳ ለዐድዋ ብቻ ነው የሚጋልበው? ከተመልካቹ መካከል አንዲት እያየችው እንደሆነ ያውቃል። ስለሚያውቅ ወደዚያ አይዞርም። እሷም ማየቷን ጓደኛዋ እንዳታውቅባት ነጠላዋን ታስተካክላለች። ጥምቀት ላይ ሎሚ ሲወረወርም ያው ነው፤ ወርዋሪው ፊቱን ያዞራል። ለፊልም ጽሑፍ ከዚህ የተሻለ ምን ይፈለጋል? ፍላጎቱ አለ፣ አጥሩ አለ፣ የሚጠብቅ ዐይን አለ። የቀረው ካሜራ ይዞ መምጣትና ዝም ብሎ መጠበቅ ነው።

አንድ ነገር ሳንጠቅስ አናልፍም። ሁለት ተዋንያን ደህና አድርገው ሲጫወቱ «በእውነት ይዋደዳሉ እንዴ?» እያሉ ኑሯቸውን መበርበር ልማድ ሆኗል። ወሬው ወንዱን ያስሞግሰዋል፤ ሴቷን ግን ያሰድባታል። ጎበዝ ግንበኛ ስናይ «ከድንጋዩ ጋር ምን አላችሁ?» አንለውም።

የኪነ ጥበብ ክበባችን ለሚመጣው ዝግጅት የድራማ ድርሰት እየሰበሰበ ነው። ሳሎንና ሶፋ ያለበት በበቂ ሁኔታ ደርሷል። ፈረስ ያለበት፣ ገበያ ያለበት፣ ወይም ሁለት ሰዎች አምስት ገጽ ሙሉ የልባቸውን ሳይናገሩ የሚቆዩበት ያላችሁ ቶሎ አምጡ፤ ልምምዱም እንደ ወትሮው በሦስት ቀን የሚያልቅ አይሆንም።