ሳይቃጠል በቅጠል፦ የኢሉባቦር ድንጋይና ውሃ

መንገድ ይሠራ፣ ከተማ ይገንባ ሲባል የመጀመሪያው ጥያቄ ድንጋዩ ከየት ይመጣል የሚል ነው። ድንጋዩ በውስጡ ምን ይዟል የሚለው ጥያቄ ግን ብዙ ጊዜ ሳይነሣ ይቀራል። መቱ፣ ጎሬና ያዮ ሊጠይቁት የሚገባው ይህንኑ ነው።

አርሴኒክ ከፋብሪካ ብቻ የሚወጣ መርዝ አይደለም። በአንዳንድ ዐለቶች፣ በተለይም ድኝ በተቀላቀለባቸው ማዕድናትና በድንጋይ ከሰል ውስጥ፣ በተፈጥሮው ይገኛል። ዐለቱ ተፈልጦና ተፈጭቶ አየርና ዝናብ ሲያገኘው ማዕድኑ ይፈራርሳል፤ አርሴኒኩም ከውሃው ጋር ይወርዳል። ቀለምም ሆነ ሽታ የለውም፤ ውሃውን ማፍላትም አያስወግደውም። ለዓመታት የጠጣውን ሰው ቆዳ ያበላሻል፤ ለካንሰርም ይዳርጋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 10 ማይክሮግራም ነው። በስምጥ ሸለቆአችን ከተጠኑት ጉድጓዶች አንዳንዶቹ ከዚህ ወሰን አልፈው ተገኝተዋል።

ይህ ኢሉባቦርን ምን ያገባዋል? የአካባቢው ዐለት አንድ ዓይነት አይደለም። ጥቁሩ ባዛልት አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው አርሴኒክ አነስተኛ ነው፤ ከሥሩ ያለው ጥንታዊ ዐለትና የያዮ የድንጋይ ከሰል ግን በዓይን ታይተው የሚታመኑ አይደሉም። ዝናቡ በሀገሪቱ ከፍተኛ ከሚባሉት አንዱ ነው። ሶር ወደ ገባ፣ ገባም ወደ ባሮ ይፈስሳል። ከካባ የሚታጠበው ሁሉ በቅድሚያ ከሥር ያለውን ምንጭ ያገኛል፤ ቀጥሎም መንገዱ ወደ ጋምቤላ ነው።

ሕግ አላጣንም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብትን ይደነግጋል። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማም በአዋጅ ቁጥር 299/1995 ከታወጀ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። ያጣነው አስቀድሞ መጠየቅን ነው። የለገደንቢ የወርቅ ማዕድን ፈቃድ በግንቦት 2010 ዓ.ም. የታገደው የሻኪሶና የአካባቢው ሕዝብ አደባባይ ከወጣ በኋላ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

ስለዚህ ከፈቃዱ በፊት የዐለቱና የምንጩ ናሙና ይመርመር፤ ውጤቱም ለቀበሌው ሕዝብ በኦሮምኛና በአማርኛ ይነገር። ካባው ከምንጭ ይራቅ፤ ጎርፉ በቦይ ተጠልፎ በኩሬ ይጠራቀም፤ አቧራው በውሃ ይርጠብ። አርሴኒክ የተገኘበት ትርፍራፊ ድንጋይ ለመንገድ ሙሌት አይዋል።

ይህ የወጣቱን እንጀራ መዝጋት ነው የሚሉ አይጠፉም። ነገር ግን አቧራውን ቀድሞ የሚተነፍሰው፣ ከካባው ሥር ካለው ምንጭ ቀድሞ የሚጠጣው ያው ወጣት አይደለምን?