አድራሻውም እንደ ካርድ ቁጥር ነው

የዛሬው ርዕሴ ከጡረተኛ ነርስ የሚጠበቅ ላይመስላችሁ ይችላል፤ ስለ ድረ ገጽ አድራሻ ነው። በስልካችን የሚላክልንን፣ ነካ ስናደርገው ገጽ የሚከፍትልንን ሊንክ ማለቴ ነው።

በሰፈራችን ያለ አንድ ክሊኒክ በድረ ገጹ ለወላጆች አጫጭር ምክሮች ያወጣል፤ ልጅ ሲያተኩሰው፣ ሲያስቀምጠው፣ ክትባት ሲያመልጠው ምን እንደሚደረግ። ጥሩ ሥራ ነው። እኔም ኦአርኤስ እንዴት እንደሚበጠበጥ የሚያሳየውን ገጽ ለብዙ እናቶች በቴሌግራም ልኬያለሁ። ክሊኒኩ ባለፈው ዓመት ድረ ገጹን አሳደሰ። መልኩ አማረ፤ አድራሻዎቹ ግን ሁሉም ተቀየሩ። አንዲት ጎረቤቴ ሌሊት ልጇን ሲያስቀምጠው ያንን ሊንክ ብትነካ «404» የሚል ቁጥር መጣባት፤ የፈለግሽው ገጽ እዚህ የለም ማለት ነው። ደግነቱ ደወለችልኝ። ለአንድ ሊትር የተመጠነውን ፓኬት በአንድ ብርጭቆ ልትበጠብጠው ነበር! እንዲህ የወፈረ ኦአርኤስ በልጁ ደም ውስጥ ጨው ያበዛል፤ ለሕይወቱም ያሰጋል።

ገጹ እኮ አልጠፋም፤ ሌላ አድራሻ ይዞ እዚያው ተቀምጧል። ካርድ ክፍል የሠራ ሰው ይህን ያውቀዋል። የታካሚ ካርድ የሚደረደረው በቁጥር እንጂ በተኛበት ክፍል ወይም ባየው ሐኪም ስም አይደለም። ታካሚው ከሕፃናት ክፍል ወደ ቀዶ ሕክምና ቢዛወር ካርዱ ቦታውን አይለቅም። በአዲሱ የክሊኒኩ አድራሻ ውስጥ ግን የክፍሉ ስም፣ ዓመቱና የጸሐፊው ስም ገብቶበታል። ሦስቱም ነገ የሚቀየሩ ናቸው።

ድረ ገጹን የሚሠራውን ወጣት አግኝቼ ይህንኑ ነገርኩት። «ሲስተር፣ እርስዎ ደግሞ ይህን ከየት አመጡት?» ብሎ ሳቀ። ከካርድ ክፍል ነዋ! ቁጭ ብለን ተነጋገርንና አጭር ቅርጽ አወጣን፦ መጀመሪያ «እርዳታ» የሚል ቃል፣ ቀጥሎ ቋንቋው፣ ከዚያ የገጹ ቁጥር። የጽሑፉ ርዕስ ቢታረምም ቁጥሩ አይነካም።

በፊደላችን ቢጻፍስ ብዬው ነበር። ይቻላል፤ አሳሹ ላይም ያምራል። ገልብጠን ስንልከው ግን ብዙ ጊዜ እያንዳንዱ ፊደል የመቶኛ ምልክት የበዛበት ዘጠኝ ምልክት ይሆናል። «ተቅማጥ» የምትለው ባለ አራት ፊደል ቃል 36 ምልክት ትወጣለች። ይህን ያየች አያት የሌባ መልእክት መስሏት ታጠፋዋለች። በላቲን እንጻፈው ካልን ደግሞ «ቅ»ን አንዱ በኬ ሌላው በኪው ይጽፈዋል። ቁጥር ግን በስልክም ይነበባል፤ «27ን ክፈቺ» ማለት በቂ ነው።

ዋናው ነገር ያረጁት አድራሻዎች ናቸው። ክሊኒክ ሲዛወር በአሮጌው በር ላይ ማስታወቂያ ይለጠፋል አይደል? በድረ ገጽም 301 የሚባል ትእዛዝ አለ፤ አሮጌውን ሊንክ የነካውን ሰው ሳይጠይቀው ወደ አዲሱ ያደርሰዋል። ታዲያ እያንዳንዱ አሮጌ አድራሻ ወደ ራሱ ገጽ ይሂድ። ሁሉንም ወደ ፊተኛው ገጽ መላክ፣ ታካሚን በር ላይ ጥሎ እንደ መሄድ ነው። ልጁ «ጊዜ ይፈጃል» አለኝ። አሮጌውን በግራ፣ አዲሱን በቀኝ አድርገን 60 የሚሆኑ ገጾችን ስንዘረዝር የፈጀብን ግማሽ ቀን ነው፤ ቡናውንም ጨምሮ።

የዌብ ፈጣሪው ቲም በርነርስ ሊ አድራሻ እንዳይቀያየር የመከረው በ1998 እ.ኤ.አ. ነው፤ አዲስ ነገር አልተናገርኩም። የትምህርት ቤት ወይም የሱቅ ድረ ገጽ ያላችሁ፣ ከማሳደሳችሁ በፊት የአሮጌዎቹን አድራሻዎች ዝርዝር ከባለሙያው ተቀበሉ።

ኦአርኤሱንም ካነሳሁ አይቀር፦ በፓኬቱ ላይ የተጻፈውን የውሃ መጠን አንብቡ፤ አብዛኛው ለአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ነው። ከተበጠበጠ 24 ሰዓት ያለፈውን ድፉት።