በፋይል 55

ፖስታ ቤት ውስጥ ጡረታ ለመውጣት ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚያማክረው ሚስቱን አይደለም፤ ካልኩሌተሩን ነው። እኔም እንደዚያው አድርጌያለሁ። ዘንድሮ በፋይሌ ላይ 55 ዓመት ሞላኝ። የተቀጠርኩት በ1987 ዓ.ም. ስለሆነ አገልግሎቴ 31 ዓመት ደርሷል። የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ ሕግ መደበኛውን መውጫ 60 ዓመት ላይ ቢያደርገውም፣ ቢያንስ 25 ዓመት ያገለገለ ሰው 55 ሲሞላው በራሱ ጥያቄ ወጥቶ አበሉን መቀበል እንዲጀምር ይፈቅዳል። እንግዲህ በሩ ተከፍቶልኛል። የቀረው መውጣትና መቆየት መምረጥ ነው፤ ሆሳዕና ከተማ ላይ ደግሞ እንዲህ ያለውን ነገር ብቻህን እንድትመርጥ የሚተውህ ሰው የለም። የዕድሩ ዳኛ አስተያየት አለው። ሊስትሮው አስተያየት አለው። ለሃያ ዓመት ፖስታ ሣጥኑን ያልከፈተ ደንበኛም አስተያየት አለው።

አስተያየቱን ትተን ቁጥሩን እንየው። አበሉ የሚሰላው እንዲህ ነው። ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት 30 በመቶ ይያዛል፤ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። በ31 ዓመት አገልግሎት 56.25 በመቶ አገኛለሁ። እስከ 60 ብቆይ 36 ዓመት ስለሚሆን 62.5 በመቶ ይደርሳል። አምስት ዓመት ሙሉ ቴምብር ስመታ፣ ጥቅል ስመዝን ከርሜ የማተርፈው 6.25 በመቶ ነው።

ለስሌት እንዲመች ደመወዜ 10,000 ብር ነው እንበል። (እውነተኛውን የሚያውቁት ሚስቴና የደመወዝ ክፍሉ ብቻ ናቸው፤ እንዲሁ ይቅር።) ዓምና በወጣው የገቢ ግብር ሕግ 1,650 ብር ለግብር ይሄዳል፤ 7 በመቶው፣ ማለትም 700 ብር፣ ለጡረታ መዋጮ ይቆረጣል። እጄ የሚገባው 7,650 ብር ነው። ነገ ብወጣ 56.25 በመቶው 5,625 ብር ይሆናል፤ ከጡረታ አበል ላይ ደግሞ ግብር አይነሳም። በሁለቱ መካከል ያለው 2,025 ብር ነው። ማለትም ወር ሙሉ በጠዋት የምነሳው፣ ሸሚዝ የምተኩሰው፣ ባጃጅ የምሳፈረው፣ ምሳ ውጭ የምበላው፣ ለሥራ ባልደረባ ሠርግና ለቅሶ የማዋጣው ለ2,025 ብር ነው። ይህን ዱራሜ ላለ የቀድሞ ባልደረባዬ በስልክ ባሰላለት ሳቁ ማቆሚያ አጣ። «አንተማ በነፃ ነው የምትሠራው፤ ያውም ታክሲውን ራስህ ከፍለህ!»

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ደርሶ ማመልከቻውን ይጽፋል። እኔ ግን ሊያስተውል የሚገባውን ሰው የሚያሳስተው መቶኛው ሳይሆን መቶኛው የሚባዛበት ደመወዝ ነው እላለሁ። ሕጉ የሚያሰላው ዛሬ በምትፈርምበት ደመወዝ አይደለም፤ በመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ነው። እኔ በዕድገት ደመወዜ ከፍ ያለው ዘንድሮ ነው። ከዚያ በፊት 8,000 ነበር ብንል፣ ዛሬ ስወጣ አማካዩ ያንኑ 8,000 የሚታከክ ነው፤ 56.25 በመቶው 4,500 ብር ግድም ይመጣል። ያ 5,625 የተባለው ወረቀት ላይ ብቻ የነበረ ገንዘብ ነው። ሦስቱ ዓመት በአዲሱ ደመወዝ እስኪሞላልኝ ብታገሥ ግን በፋይል 58 እሆናለሁ፣ አገልግሎቴ 34 ይሆናል፣ መቶኛዬ ልክ 60 ይገባል፤ ከ10,000 ላይ 6,000 ብር። በወር የ1,500 ብር ልዩነት፣ እስከ ዕለተ ሞቴ። ከዚያም በኋላ ለሚስቴ፤ ለሟች የትዳር ጓደኛ የሚሰጠው የአበሉ ግማሽ ነውና።

ይህ የግማሽ ነገር ለእኔ ተራ አንቀጽ አይደለም። የጡረታ ገንዘብ በፖስታ ቤት በኩል ይከፈል በነበረበት ዘመን መስኮቱ ላይ ተቀምጬ ቆጥሬ የሰጠሁ ሰው ነኝ። ወሩ ሲደርስ ሰልፉ ጎህ ሳይቀድ ይጀምራል። የቀድሞ ወታደሮች፣ አስተማሪዎች፣ የጤና ረዳቶች፣ ባሎቻቸው የሞቱባቸው እናቶች። መፈረም ለማይችለው ሐምራዊ ቀለም የነካ ስፖንጅ አጠገቤ አለ፤ አውራ ጣቱን ይዤ ወረቀቱ ላይ አሳርፋለሁ፣ ጣቱን የሚጠርግበት ቁራጭ ወረቀት አቀብላለሁ። አንድ ጊዜ ከከምባታ በኩል የመጡ እናት ባላቸው ከሞቱ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊቀበሉ ቀረቡ። ብሩን ቆጥሬ ሰጠኋቸው። እሳቸውም መልሰው ቆጠሩት። «ልጄ፣ ሌላው ግማሽ የት ሄደ?» አሉኝ። ሕጉን አስረዳኋቸው። ከኋላቸው የተሰለፉት ሁሉ ጸጥ ብለው ይሰማሉ። «እሱ በሞተ እኔ ግማሽ ሆድ ይበቃሻል ተብዬ ነው?» ብለው በመቀነታቸው ቋጥረውት ወጡ። ስለዚህ 4,500ን ለሁለት ሳካፍለው 2,250 ብር የሚለው ቁጥር ከዚያች ሴትዮ ፊት ጋር ነው የሚመጣብኝ።

የደመወዝ ነገር ቆሞ እንደማይጠብቅ ደግሞ ያለፉት ሁለት ዓመታት አሳይተውናል። በ2017 ዓ.ም. የመንግሥት ሠራተኛው ዝቅተኛ ደመወዝ ከ1,100 ወደ 4,760 ብር ወጣ፤ ከመስከረም 2018 ጀምሮ 6,000 ሆነ። እኛ የልማት ድርጅት ሠራተኞች የራሳችን የደመወዝ ስኬል አለን፤ ንፋሱ ግን ዞሮ ዞሮ ይደርሰናል። ብሩ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲመራ ከተለቀቀ ወዲህ የዘይቱና የጤፉ ዋጋ ምን እንደሆነ ለአንባቢ አልነግርም። ሥራ ላይ ያለ ሰው ጭማሪ ሲመጣ ከነአማካዩ ከፍ ይላል። ጡረተኛ የሚጠብቀው የሚኒስትሮች ምክር ቤት አበሉን እስኪያስተካክልለት ነው።

«ግን ሥራው ራሱ አለ ወይ?» የሚለኝ አለ፤ በተለይ ከወጣቶቹ። ዴንማርክን እየጠቀሰ። እውነት ነው፣ የዴንማርክ ፖስታ ከ1624 ጀምሮ ለ401 ዓመታት ሲያደርስ የኖረውን ደብዳቤ በፈረንጆቹ 2025 መጨረሻ አቁሟል፤ ቀያዮቹን የደብዳቤ ሣጥኖችም ከየመንገዱ ነቅሏል። የእኛ ፖስታ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ሲያቋቁሙትም ሆነ በ1901 ዓ.ም. አገሪቱ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ስትሆን የእያንዳንዱን ሰው በር የሚያንኳኳ ሆኖ አላደገም። እዚህ ደብዳቤ አይመጣልህም፤ አንተ ቁልፍህን ይዘህ ወደ ሣጥኑ ትሄዳለህ። ሣጥን የሌለው በትምህርት ቤቱ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ወይም በዘመድ መሥሪያ ቤት «በአቶ እገሌ በኩል» ተብሎ ይጻፍለታል። በዚህ ምክንያት ነው አንድ ፖስታ ሣጥን የአንድ ሙሉ ቀበሌ አድራሻ ሊሆን የቻለው።

የእኛን ሙያ የምናስታውስ ሰዎች ግን ከደብዳቤውም በላይ የአሜሪካውን የዲቪ ሎተሪ ወቅት ነው የምናወራው። ዛሬ ኢንተርኔት ቤት በአንድ ፎቶ የሚያልቀው ነገር እስከ 1996 ዓ.ም. በወረቀት ነበር የሚላከው። እኔ ስቀጠር ገና ጀማሪ ነበረ። ከሾኔም፣ ከአንጋጫም፣ ከሺንሺቾም የሚመጣው ወጣት ፖስታውን በቀኝ እጁ፣ የቴምብሩን ገንዘብ በግራው ጨብጦ ይቆማል። የኤንቨሎፑ መጠን ልክ መሆን አለበት፤ ስምና አድራሻ በላይኛው ግራ ጠርዝ መጻፍ አለበት፤ ፎቶው መለጠፍ አለበት። የሚያሳስቡኝ ቴምብሩን በምላሳቸው የሚያረጥቡት ነበሩ። ከንፈራቸው ይንቀጠቀጣል። አንዳንዱ እንድመታው ከሰጠኝ በኋላ እንደገና ይቀበለኝና በግንባሩ ነክቶ ይመልስልኛል። ማኅተሙን ስመታ ድምፁ ጠንከር ያለ እንዲሆን የሚለምነኝም ነበር፤ ቀስ ብሎ ከተመታ አሜሪካ አይደርስም ብሎ ያስባል መሰለኝ።

ያ ሰልፍ ዛሬ የለም። ሐዋላችንንም በግንቦት 2013 የመጣው ቴሌብር ወሰደው፤ ገበሬው ገበያ ቆሞ በስልኩ የሚልከውን ገንዘብ እኔ ጋ መጥቶ ፎርም የሚሞላበት ምክንያት የለም። ነገር ግን ጥቅሉ አለ፣ የትምህርት ማስረጃው አለ፣ በፍጥነት የሚላከው ሰነድ አለ፤ ፓስፖርት ሳይቀር በፖስታ ቤት በኩል የታደለበት ጊዜ ነበር። ሥራው ቀንሶ ሳይሆን መልኩን ለውጦ ነው ያለው ብዬ አምናለሁ። ከእኔ የሚፈልገውም አዲስ ነገር ነው፤ ስካነሩን የሚያቃጭለው ልጅ ዕድሜው ከልጄ ያንሳል፣ «ጋሼ፣ እኔ ላድርግልዎት» ይለኛል። እኔም አደርጋለሁ ብዬ እወስድበታለሁ። ሁለት ጊዜ ይጮኽብኛል፣ ሦስተኛው ላይ ይይዛል።

«ለወጣቱ ቦታ ልቀቅ» የሚለው ምክር ግን አይዋጥልኝም። ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ በራችን ላይ ነው ያለው፤ ዲግሪ ይዘው ሥራ ያላገኙትን ልጆች በየካፌው አውቃቸዋለሁ። አንድ ሽማግሌ ከመስኮት ቢነሳ ወንበሩ ላይ ከእነሱ አንዱ ይቀመጣል ቢሉኝ ዛሬውኑ እፈርም ነበር። የወጣ ሰው ወንበር ባዶውን ሲቀመጥ፣ ሥራው ለቀሩት ሲከፋፈል ነው ብዙ ጊዜ ያየሁት።

ከሁሉም ይልቅ የሚፈትነኝ ከደቡብ አፍሪካ የሚመጣው የድምፅ መልእክት ነው። በሀዲያና በከምባታ እዚያ ሰው የሌለው ቤት መፈለግ ይከብዳል። የእህቴ ልጅ ከጆሃንስበርግ ወጣ ብሎ ሱቅ አለው። በኢሞ ይልክልኛል፦ «ጋሼ፣ ምን ትጠብቃለህ? ውጣና ዕረፍ። እኔ አለሁ።» ቃሉ ልቤን ያሞቀዋል፤ እግዜር ይስጠው። ግን በግንቦት 2000፣ በሚያዝያ 2007፣ በነሐሴ 2011 መጨረሻ እዚያ አገር በውጭ ዜጎች ሱቆች ላይ ምን እንደደረሰ እናውቃለን። በእነዚያ ቀናት እዚህ ከተማ ስልክ ያልያዘ ሰው አልነበረም። አንድ ሌሊት ሱቁ ሊዘረፍ በሚችል ልጅ ትከሻ ላይ የእኔን እርጅና መጫን ነውር ነው። አንድ ነገር ከደረሰበት እኔ ነኝ መደገፍ ያለብኝ።

ወደ መሬት እመለሳለሁ የሚሉም አሉ። እንሰት፣ አንድ ሁለት ላም፣ ንጹሕ አየር። ዛሬ የተተከለ እንሰት ለቆጮ እስኪደርስ አራትና አምስት ዓመት ይፈልጋል፤ ያን ጊዜ እኔ እዚያው 60 ላይ ነኝ። መሬቱም ቢሆን የእኔን ጡረታ ሲጠብቅ አልኖረም። ከምባታ በአገሪቱ ሕዝብ እጅግ ከተጠጋጋባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። ታናሽ ወንድሜ ሲያርሰው ኖሯል፤ ልጆቹ ጎጆ ሠርተውበታል። ለመስቀል ስሄድ ጥሬ ሥጋና አታካና የሚያቀርብልኝ ሰው፣ ቦታዬን ልካልኝ ብዬ ብመጣ እንዴት እንደሚያየኝ መገመት አያቅተኝም።

ሚስቴን በመጨረሻ አማከርኳት። «ልትወጣ ነው ወይስ ልትቆይ?» አለች።
«እስከ 58 ልቆይ።»
«አሁን ስንት ዓመትህ ነው?»
«55።»
«በማን ሒሳብ?»

ጥያቄዋ ትክክል ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ስትቀጠር የሞላኸው ዕድሜ ነው የሚቆጠረው፤ ኋላ ቢሻሻል ለጡረታ አይያዝልህም። እኔ ደግሞ ያንን ዕድሜ ያገኘሁት ከትምህርት ቤት ነው። አንደኛ ክፍል ስመዘገብ መምህሩ ቀኝ እጄን በአናቴ ላይ አሻግሬ ግራ ጆሮዬን እንድነካ አዘዘኝ። ነካሁ፤ ዕድሜዬን ጻፈ። እናቴ ግን እስከ ዛሬ የምትለው ሌላ ነው፤ «አንተ የተወለድከው ታላቅህ በግ መጠበቅ በጀመረ ዓመት ነው» ትላለች፣ ከታላቄ ጋር ስናሰላው በሁለት ዓመት ይበልጣል። ስለዚህ በፋይል 58 ስሞላ ጉልበቴ 60 ይሆናል፤ ለአበል ግን የሚጠየቀው ፋይሉ ነው።

ቆርጫለሁ፤ ሦስቱ ዓመት ሳይሞላ ማመልከቻ አልጽፍም። ማክሰኞ ግን ወደ ሰው ሀብት ክፍል ሄጄ የፋይሌን ግልባጭ እጠይቃለሁ። በ1987 መጀመሪያ ላይ የገባሁት በኮንትራት ስለነበር ያ ዓመት ተቆጥሮልኝ እንደሆነ ማየት አለብኝ። ካልተቆጠረ በ58 ያልኩት 60 በመቶ ወደ 58.75 ይወርዳል፣ የዱራሜው ባልደረባዬም ሌላ የሚስቅበት ያገኛል።