ማሽኑ ቆጠረ፤ ከምን ጋር ይነጻጸር?

«ቁጥር አይዋሽም» ይባላል። በደም ምርመራ ግን ቁጥር ብቻውን ብዙም አይናገርም።

ሕዋስ መቁጠር ለረጅም ጊዜ የዓይን ሥራ ነበር። ባለሙያው ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሶ አንድ በአንድ ይቆጥራል። ይህን የለወጠው የምሕንድስና ብልሃት ነው። አሜሪካዊው ዋላስ ኮልተር እ.ኤ.አ. በ1953 የፈጠራ መብት ያገኘበት ዘዴ ሕዋሶችን በጠባብ ቀዳዳ ተራ በተራ ያሳልፋል። እያንዳንዱ ሕዋስ ሲያልፍ የኤሌክትሪክ ፍሰቱ ለቅጽበት ይስተጓጎላል፤ መሣሪያው የሚቆጥረው ያንን ነው።

ትርፉ ፍጥነት ብቻ አይደለም። 100 ሕዋስ ብቻ ሲቆጠር ውጤቱ በአጋጣሚ 10 በመቶ ያህል ሊዛነፍ ይችላል፤ 10,000 ሲቆጠር መዛነፉ ወደ 1 በመቶ ይወርዳል። ብዙ በመቁጠር የማይስተካከል ስሕተት ግን አለ፦ የተሳሳተ ማነጻጸሪያ።

ኢትዮጵያ ይህን ታውቀዋለች። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመና 485 ጤነኛ ሠራተኞችን ያሳተፈ ጥናት፣ ከኤችአይቪ ነጻ የሆኑ ኢትዮጵያውያን ሲዲ 4 ከኔዘርላንድስ ደም ለጋሾች በግልጽ ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። ሰዎቹ አልታመሙም፤ መነሻቸው ነው የተለየው።

ነገሩ ቀላል አልነበረም። መድኃኒት ለመጀመር የሲዲ 4 ቁጥር ይታይ በነበረበት ዘመን፣ 200 የሚለው መስመር የሰው ዕድል ይወስን ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ቫይረሱ ያለበት ሁሉ እንዲታከም ቢመክርም፣ ከ200 በታች መሆን ዛሬም የጠና ደረጃ ምልክት ነው። ከ900 ተነስቶ 200 የደረሰና ከ600 ተነስቶ 200 የደረሰ ሰው ወረቀታቸው አንድ ነው፤ የመጡበት መንገድ ግን አንድ አይደለም።

«መጀመሪያ ማሽኑ ይገዛ፣ ሌላው ይደርሳል» የሚል አይጠፋም። ማሽን ያስፈልጋል፤ ክርክር የለውም። ነገር ግን በየጊዜው ልኬቱ የማይፈተሽ፣ ሲበላሽ የሚጠግነው የባዮሜዲካል መሐንዲስ የሌለው ማሽን ያንኑ ስሕተት በፍጥነት ከመደጋገም አያልፍም።

ስለዚህ የጤና በጀት ሲያዝ ከማሽኑ ዋጋ ጎን ሁለት ነገሮች ይያዙ፦ የጥገናና የልኬት ፍተሻ ወጪ፣ እንዲሁም በደጋም በቆላም የሚኖረውን ሕዝብ ጤነኛ መጠን የሚያጠና ሥራ። በሽተኛውም በውጤት ወረቀቱ ላይ «ጤነኛ መጠን» የሚለውን ዓምድ ሲያይ ጥያቄው ተገቢ ነው፦ ይህ መጠን የተወሰደው ከማን ደም ነው?